በቅሎ ይዞ ለመዝናናት መውጣት፦ በኮርቻም በጋሪም (ልምድ እንለዋወጥ)

ጆሮረጅም

ሰላም ጤና ለሁላችሁ። በቅሎ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ጭነት ነው። ከረጢት፣ ገመድ፣ ዳገት። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ሌላው ነገሯ ነው። ሥራ ሳይኖር፣ የሚደርስ ዕቃ ሳይኖር፣ ለመንፈስ እረፍት ብቻ ኮርቻ ጭኖ ወይም ጋሪ ጠምዶ ከበቅሎ ጋር ስለ መውጣት።

ፈረስ ብዙ ጊዜ ያልከውን ያደርጋል። በቅሎ ግን መጀመሪያ ታስባለች። መንገድ ላይ የወደቀ ግንድ ካገኘች ቆም ትላለች፣ ጆሮዎቿን ትቀስራለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ ትወስናለች። ለቸኮለ ሰው ይሄ እልኸኝነት ይመስለዋል። ራሷን እየጠበቀች ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፣ አህያ ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በቅሎ ደግሞ ከሁለቱም ወርሳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የአባቷ የአህያው ይበልጥባትና መጀመሪያ ቆማ ታያለች። ገደል አፋፍ ላይ በቀጭን መንገድ ስትሄዱ የተቀመጣችሁባት እንስሳ ከመሮጧ በፊት የምታስብ መሆኗ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሄደበት ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ግራንድ ካንየን የሚባለውን ትልቅ ሸለቆ ጎብኚዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በበቅሎ የሚወርዱትም ለዚሁ ነው።

በግድ ብዙ ርቀት አትወስድህም። ካመነችህ ግን አንተ ራስህ የምትፈራበት ቦታ ሁሉ ተረጋግታ ታሳልፍሃለች። ለእኔ ደስታው ያለው እዚያ መተማመን ላይ ነው። የምትጋልቡም፣ ጋሪ የምትነዱም፣ ገና ልትጀምሩ ያሰባችሁም ጎራ በሉ።

አዲስገቢ

ጆሮረጅም እግዚአብሔር ይስጥህ፣ የፈለግኩት ወሬ ነው። በቅርቡ አንዲት የ12 ዓመት ሴት በቅሎ ገዛሁ። ጠባይዋ መልካም ነው፣ ስጠራት ትመጣለች፣ እግሯን ስታነሳ አታስቸግርም። ችግሩ አንድ ቦታ ላይ ነው። የምንሄድበት መንገድ መሀል ላይ ትንሽ የእንጨት ድልድይ አለች፣ እዚያ ስንደርስ ቀጥ ትላለች። ዛቡን ብስበው፣ በተረከዜ ብነካት፣ ወርጄ ብጎትታት አልተንቀሳቀሰችም። ከመንገዱ ግማሹን ሳላይ ነው የምመለሰው። ደግሞ ወደፊት ጋሪ ላስለምዳት አስባለሁ፣ ቀላል ከሆነ ማለቴ ነው። ምን ትላላችሁ?

ደንገላሳ

ሳላከብር ሳይሆን የምሬን ልጠይቅ። እኔ የፈረስ ሰው ነኝ። ፈረስ ላይ ወጥቶ ሜዳ ላይ ደንገላሳ መጋለብ እያለ ድልድይ ላይ ተገትሮ ከበቅሎ ጋር መደራደር ምኑ ነው መዝናናት? «አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚባልላት እሷ ራሷ እኮ በፈረስነቷ ነው የምትኮራው።

ጆሮረጅም

ደንገላሳ ወንድሜ፣ ሜዳ ላይ መጋለብ ከሆነ ደስታህ ፈረስህን ያዝ፣ እውነትህን ነው። መንገዱ ድንጋይ ሲሆን፣ ዳገት ሲበዛ፣ ቀኑ ሲረዝም ግን ወሬው ይቀየራል። የበቅሎ ሰኮና ጠበብ ያለ፣ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው። እርምጃዋን ትመርጣለች። ከፈረስ ባነሰ መኖ ትኖራለች፣ ሙቀትም የተሻለ ትችላለች። ዕድሜዋም ረጅም ነው፣ በደንብ ከተያዘች 30 ዓመትን የምታልፍ ብዙ ናት፣ ከ20 በኋላም ስትጋለብ ታያለህ። ሰጋር የሆነች ከገጠመችህማ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ወገብህን ሳያምህ ትገባለህ።

በቅሎ ስፖርት አትችልም የሚለውም ያለፈበት ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋላስ የሚባል በቅሎ ከፈረሶች ጋር የድረሳዥ (በጋላቢው ረቂቅ ምልክት የሠለጠነ እንቅስቃሴ የማሳየት) ውድድር እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በኋላ ደንቡ ተቀየረና ገባ፣ በመጀመሪያ ውድድሩም አሸነፈ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢሾፕ ከተማ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በየዓመቱ የበቅሎ በዓል ይደረጋል፤ ግልቢያው፣ ጋሪው፣ ጭነት አጫጫኑ ሁሉ ውድድር አለው።

አዲስገቢ እህቴ፣ የድልድዩን ነገር ከኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚህ አለና እሱ ይምጣ። እስከዚያው ግን አትጎትቻት። በጎተትሽ ቁጥር ወደ ኋላ መሳብን ነው የምታስተምሪያት።

ጠንክር

እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ጊዜ እምቢ ብላ ከተመለሰች ሁልጊዜ እምቢ ትላለች። አንድ ሰው ከኋላ አለንጋ ይዞ ይቁም፣ አንቺ ከፊት ያዥ፣ ትሻገራለች። እንስሳ ማን አለቃ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ሰጋር

ጠንክር፣ ፈረስ ላይ ምናልባት አንድ ቀን ይሠራልሃል። በቅሎ ላይ ግን ሁለት ነገር ይመጣብሃል። አንደኛ፣ ከኋላዋ የቆመው ሰው እግሯ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ በቅሎ ደግሞ ስትራገጥ አትስትም፣ ወደ ጎን ሁሉ ትደርሳለች። ሁለተኛ፣ በቅሎ አትረሳም። ድልድዩንና ዱላውን አንድ ላይ አድርጋ ነው የምትይዘው። በሚቀጥለው ጊዜ ድልድዩ ገና ከሩቅ ሲታያት ነው የምትቆመው።

አንተ ያልከው አንድ እውነት ግን አለ። እምቢ ብላ ወደ ቤት ከተመለሰች እምቢታው ዋጋ እንዳለው ተምራለች። ስለዚህ ወደ ቤት አትመለሺ፣ ግን አታስገድጃት። አዲስገቢ፣ እንዲህ ሞክሪ።

መጀመሪያ ከድልድዩ ርቀሽ ጀምሪ። አፍሳሯን ይዘሽ በቀስታ ወደፊት ሳቢ፣ ገመዱ ውጥር ይበል እንጂ አትታገያት። አንዲት እግር ወደፊት ባነሳች ቅጽበት ገመዱን ልቀቂ። ያ መልቀቅ ነው ቋንቋው። ወደፊት ስትሄድ ጭንቀቱ እንደሚቀልላት ሲገባት ያለ ድልድይ፣ ያለ ምንም፣ በትንሽ ምልክት መራመድ ትጀምራለች። ይሄ ሳይሠራ ድልድይ ጋ መሄድ ዋጋ የለውም።

ከዚያ መሬት ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ አንጥፊላት። ታሽተው፣ በእግሯ ትምታው። እንጨት ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ያሰማል፣ ብዙ በቅሎ የምትፈራው እሱን ነው። ጣውላው ላይ አንድ እግር ካሳረፈች በቃ፣ የዚያን ቀን ትምህርት እዚያ ላይ አቁሚ። በቅሎ ሲገባት ካቆምሽላት በሚቀጥለው ቀን የተማረችውን ይዛ ነው የምትመጣው። እየደጋገምሽ ካሰለቸሻት ግን ትዘጋለች።

ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ራሷን ዝቅ እንድታደርግ ዛቡን አላዪላት። ብዙ ጋላቢ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ ራሷን ከፍ አድርጎ ይይዛታል፣ እሷ ደግሞ የምትረግጠውን ማየት አለባት። ጊዜ ስጫት። ጆሮዋን ተመልከቺ፣ ሁለቱም ወደ ድልድዩ ከተቀሰሩ እያሰበች ነው፣ ተያት። ወደ ሌላ ነገር ማየት ስትጀምር ወደ ድልድዩ መልሻት። ዞራ ለመሄድ ከሞከረች ብቻ አቅጣጫዋን አስተካክዪ።

አንድ ሌላ ዘዴም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያቀልለው እሱ ነው። ባዝራ (ሴት ፈረስ) ያለው ሰው ፈልጊና ከፊት ይሂድልሽ። የበቅሎ እናት ባዝራ ናት፣ በቅሎዎችም ባዝራን መከተል ይወዳሉ። የጭነት በቅሎ የሚነዱ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አንዲት ባዝራ አንገቷ ላይ ደወል አስረው ከፊት የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው። ማታ በቅሎዎቹ ተፈትተው ቢለቀቁ እንኳ ደወሏን ትተው አይርቁም።

አዲስገቢ

ሰጋር በጣም አመሰግናለሁ። የጣውላው ነገር ጭራሽ አልታሰበኝም ነበር። ሌላ ጥያቄ ልጨምር፣ ቁልቁለት ስንወርድ ኮርቻው ወደ አንገቷ ይሄድብኛል። ጠፍሩን የቱንም ያህል ባጠብቅ ያው ነው።

ሰጋር

አታጥብቂ! ጠፍር በማጥበቅ የሚፈታ ነገር አይደለም። የበቅሎ ጀርባ ከፈረስ ይለያል። ፈረስ ትከሻው ላይ ኮርቻውን የሚይዝ ጉብታ አለው፣ በቅሎ ላይ ያ ጉብታ ዝቅ ያለ ነው፣ ጀርባዋም ቀጥ ይላል። ለፈረስ የተሠራ ኮርቻ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ያርፍና መሀሉን ድልድይ ሆኖ ይቀራል፣ ጫፍና ጫፉ ደግሞ ያቆስላታል። ለበቅሎ ጀርባ የተሠራ እንጨት ያለው ኮርቻ ብታገኚ ይመረጣል።

እሱም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከጅራቷ ሥር የሚያልፈው የጭራ ጠፍር ነው። ሌላው ታፋዋን ከኋላ ዙሮ የሚይዘው የታፋ ጠፍር ነው። ለቀላል መንገድ የጭራው ይበቃል። ረጅምና ቀጥ ያለ ቁልቁለት ካለ ግን እኔ የታፋውን ነው የምመርጠው፣ ክብደቱን በሰፊ ሥጋ ላይ ያከፋፍለዋል፣ የጅራት ሥር ደግሞ ስስ ቆዳ ነው። ስትገዢ ቆዳው የለሰለሰ መሆኑን በእጅሽ እያሸሽ እይው።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ አልብሻት ታፋዋ ላይ የሚነካትን ትልመደው። በመንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሚነካት በደንብ ትዘላለች።

ጠፍሩን ደግሞ ከወጣሽ 10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላ ወርደሽ እንደገና እይው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ራስሽ ወርደሽ በእግርሽ ሂጂ። ለጉልበቷም ለትከሻዋም እረፍት ነው፣ ላንቺም እግር ማፍታቻ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ሁሉም ያላችሁት ጥሩ ነው፣ እኔ ስለ ጤናዋ ልጨምር። ምክንያቱም በቅሎን እንደ ትንሽ ፈረስ የሚያክማት ሰው ይበዛል።

በቅሎ ሕመሟን ትደብቃለች። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ ይራገጣል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። በቅሎ ግን ዝም ብላ ትቆማለች፣ ምግቧን ትታ ዳር ትይዛለች፣ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል ምልክቱ። ሁልጊዜ የምትበላ በቅሎ ዛሬ ድርቆሹን ካልነካች አትጠብቁ፣ ሐኪም ጥሩ። ለሐኪሙም በቅሎ እንደሆነች አስቀድማችሁ ንገሩት። አንዳንድ መድኃኒት ከሰውነቷ ቶሎ ይወጣል፣ ማደንዘዣም ብዙ ጊዜ ከፈረስ የበለጠ መጠን ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ትንሽ ይሰጣትና ግማሽ ነቅታ እያለች ሥራውን ይጀምራል፣ ያ ለሁላችሁም አደጋ ነው።

ምግብ ላይ ችግሩ ማነስ አይደለም፣ መብዛት ነው። ለመዝናኛ ብቻ የምትወጣ በቅሎ ሥራዋ ቀላል ነው፣ የምትበላው ግን እንደ ሠራተኛ ነው። ከሰውነቷ ክብደት 1.5 በመቶ ያህል ድርቆሽ በቀን መነሻ ይሁናችሁ። 400 ኪሎ ለምትመዝን በቅሎ 6 ኪሎ ማለት ነው። እህል ብዙዎቹ ጭራሽ አያስፈልጋቸውም። የአንገቷ ላይኛ ክፍል ከወፈረና ከጠነከረ በዝቶባታል። ውፍረት ሰኮናዋ ውስጥ ብግነት ያመጣል፣ ያ ከመጣ ግልቢያው ሊቀር ይችላል። ግን ደግሞ ለማክሳት ብላችሁ በአንዴ አታስርቧት። በአህያና በበቅሎ ድንገት መራብ ስብ ወደ ደም እንዲፈስ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል። በቀስታ ቀንሱ።

ሸክም ላይ፣ ጋላቢው ከነኮርቻው ከሰውነቷ ክብደት 20 በመቶ ባያልፍ ጥሩ ነው። በቅሎ ከዚያ በላይ ትችላለች የሚሉ አሉ፣ መቻሏ እውነት ነው፤ ለመዝናናት ስትወጡ ግን የአቅሟን ጥግ መፈተን ለምን አስፈለገ?

እረፍት ላይ ልቧን ስሙ። ግራ ክንዷ ሥር፣ ከክርኗ ኋላ እጃችሁን አሳርፉ። ቆማ ስታርፍ በደቂቃ ከ30 እስከ 45 አካባቢ ነው። ዳገት ወጥታ ስታቆሟት ይጨምራል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ከ60 በታች መውረድ አለበት። በረጅም ርቀት ውድድሮች ላይ ያሉ ሐኪሞችም ልብ ቶሎ መውረዱን እያዩ ነው አልፋችሁ ሂዱ ወይም ቁሙ የሚሉት። ካልወረደ ተጨማሪ እረፍት፣ ጥላ፣ ውሃ።

ደንገላሳ

ይሄ ጥሩ ትምህርት ነው ዶክተር። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አንድ ወዳጄ ወንድ በቅሎ በርካሽ ቀረበለት፣ አልተቀጠቀጠም (አልተኮላሸም)። አይወልድም እኮ፣ ለምን ይቀጠቀጣል ብሎ ይሟገተኛል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ማስቀጥቀጥ አለበት። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63 ይሆናል። 63ቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው አይገጥሙም፣ ለዚህ ነው የማይወልደው። ሴት በቅሎ ከስንት አንዴ የወለደችበት አጋጣሚ ተመዝግቧል እንጂ ወንዱ አይወልድም። ሆርሞኑ ግን እንዳለ ነው። ያልተቀጠቀጠ ወንድ በቅሎ እያደገ ሲሄድ አደገኛ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ባዝራ ሲያይ ማን እንደተቀመጠበት ይረሳል። ወዳጅህ ያስቀጥቅጠው፣ ከዚያ በኋላም ለጥቂት ወራት ጠባዩ እስኪረጋጋ ይታገሥ።

ባለጋሪ

ዘግይቼ መጣሁ፣ የጋሪው ክፍል ግን የኔ ነው። አዲስገቢ «ቀላል ከሆነ» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለት ጥግ አለው፤ አንዴ የሰለጠነች በቅሎ ጋሪ ስትጎትት ማየትና ከኋላዋ ተቀምጦ መሄድ ከዚህ የሚያሳርፍ ነገር የለም። ሁለቱ ረጃጅም ጆሮዎች ከፊትሽ አሉ፣ አንዱ ወደ መንገዱ አንዱ ወደ አንቺ ዞሮ፣ የምትናገሪውን እየሰማች። መጋለብ የማይችል ሰው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ሽማግሌ፣ ልጅ አብሮሽ ይወጣል። እኔ ጋሪን የምወደው ብቻዬን ስለማልሄድበት ነው።

ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን ረጅም ነው። ጋላቢ ሲወድቅ በቅሎዋ ትሮጣለች፣ ከዚያ ትቆማለች። ጋሪ ይዛ ከሮጠች ግን ጋሪው ይከተላታል፤ በሮጠች ቁጥር ይንኳኳል፣ በተንኳኳ ቁጥር ትሮጣለች። ስለዚህ ጋሪ ላይ ምንም ነገር አይቸኮልም።

መጀመሪያ ከኋላዋ ሆነሽ በረጅም ዛብ በእግርሽ ንጃት። ቁሚ ስትያት መቆም፣ ቆማም መቆየት አለባት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ቆማ የማትቆይ በቅሎ ጋሪ ላይ አትጠመድም፣ አለቀ። ከዚያ ታፋዋንና ጎኗን ገመድ እንዲነካት አድርጊ። ከዚያ ሌላ ሰው ከጎኗ ራቅ ብሎ አሮጌ ጎማ ይጎትት፣ ድምፁን ትስማ፣ ጎማው ከፊቷ ሲሄድ እሷ ትከተለው፤ የምትከተለውን ነገር አትፈራውም። ከዚያ ራሷ ትጎትተው። ከዚያ ሁለት ቀላል ዘንግ በግራና በቀኝ ይዛ ትሂድ፣ ስትታጠፍ ዘንጉ ጎኗን ሲገፋት ምን እንደሆነ ትወቅ። ጋሪው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ በተከለለ ቦታ፣ አፍሳሯን የሚይዝ ሌላ ሰው ባለበት።

ዕቃው ላይ አትቆጥቢ። የደረት ጠፍር ከሆነ የምትጠቀሚው የትንፋሽ ቧንቧዋን እንዳይጫን ዝቅ ብሎ፣ የትከሻዋን መገጣጠሚያ ደግሞ እንዳይነካ ከፍ ብሎ ይረፍ። ለከባድ ጋሪና ለዳገት አንገት ላይ የሚጠልቀው ወፍራሙ የቆዳ ቀለበት ይሻላል፣ እሱም ከታች በኩል በጉሮሮዋና በቀለበቱ መካከል ጠፍጣፋ እጅ ማስገባት አለበት። የታፋ ጠፍር ደግሞ ግዴታ ነው፣ ፍሬን የሌለው ጋሪ ቁልቁለት ላይ የሚቆመው በሱ ብቻ ነው። ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ ከሆነ ከተቀመጣችሁ በኋላ ዘንጎቹ በማንጠልጠያቸው ውስጥ ቀለል ብለው መንሳፈፍ አለባቸው። ጀርባዋ ላይ ከተጫኑ ወንበሩን ወደ ኋላ አምጪ፣ ወደ ላይ ካነሱባት ወደፊት።

ስትጠምጂ መጎተቻዎቹ (ጋሪውን የምትስብባቸው ጠፍሮች) መጀመሪያ ይታሰራሉ፣ ስትፈቺ መጨረሻ ይፈታሉ። ነጂው ዛቡን ይዞ መጀመሪያ ይወጣል፣ መጨረሻ ይወርዳል። ጋሪ ላይ ተጠምዳ ሳለች ልጓሟ ፈጽሞ አይወልቅም፣ ለአንዲት ደቂቃም። ጋሪ ተጠምዶባት እንጨት ላይ አትታሰርም፣ ብቻዋንም አትተውም። እነዚህን ስጽፍ የምቆጣ ከመሰልኩ ይቅርታ፣ ግን የሚወዱት እንስሳ የተሰበረ ዘንግ እየጎተተ ሲሮጥ ማየት ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሰጋር

ባለጋሪ ሁሉንም ተቀብያለሁ፣ የዓይን መከለያው ላይ ግን ምን ትላለህ? እኔ በቅሎ ከኋላዋ ያለውን ብታይ ይሻላል ባይ ነኝ። ያላየችውን ነገር ነው የምትፈራው።

ባለጋሪ

ሐሳብህ ይገባኛል፣ ያለ መከለያ በጣም በሰላም የሚነዱ ሰዎችም አውቃለሁ። እኔ ግን ለጀማሪ ያለ መከለያ አልመክርም። ጎማ ሲዞር፣ ነጂው አለንጋ ሲያነሳ፣ ከኋላ መኪና ሲመጣ ሁሉንም በአንዴ ታያለች፣ በቅሎ ደግሞ እያንዳንዱን መመርመር ትፈልጋለች። መከለያ አሳቧን ከፊት ያደርግላታል። አንድ ነገር ግን እስማማለሁ፣ ጋሪውን መጀመሪያ ያለ መከለያ ቆማ ትየው፣ ትሽተተው፣ ሌላ ሰው ሲጎትተው ትከተለው። ከዚያ መከለያው ይምጣ። ሸፍነህ አታስደንግጣት እንጂ መሸፈኑ ራሱ ክፉ አይደለም።

ሰጋር

እሺ፣ ይሄን እቀበላለሁ።

ድንኳንና ደወል

እኔ በቅሎ ይዤ ውጪ የማድር ሰው ነኝ። አዲስገቢ መንገድ ስትለምዱ ወደዚህም ትመጫለሽና ከአሁኑ ልንገርሽ።

አስተሳሰር ልምምድ ይፈልጋል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ይባላል፤ መንገድ ላይ ግን ገመድ የበጠሰች በቅሎ መበጠስ እንደሚቻል ተምራለች፣ ሁለተኛም ትሞክረዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ጠንካራ አፍሳር፣ ጠንካራ ገመድ፣ የማይነቀል ነገር። ማታ ዛፍ ላይ አትሰሪያት፣ ቅርፊቱን ትልጠዋለች፣ ሥሩን በሰኮናዋ ትቆፍረዋለች። በሁለት ዛፎች መካከል ከራሷ ከፍ ያለ ገመድ ወጥሪ፣ ዛፉ ላይ ሰፊ መቀነት አድርጊለት፣ አፍሳሯን እሱ ላይ አንጠልጥዪ። ስትነሺ ፋንድያውን በትኚው።

ጠባብ መንገድ ላይ እግረኛ ከመጣ ሰላም በዪውና እንዲያናግርሽ ጠይቂው። ድምፅ ስትሰማ ሰው መሆኑን ታውቃለች፤ ትልቅ ቦርሳ ተሸክሞ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ግን ምን እንደሆነ አይገባትም። በቁልቁለቱ በኩል ዳር ቢይዝ ይሻላል፣ ብትበረግግ ወደ ዳገቱ እንድትሄድ።

ልጓም ስታጎርሺ ደግሞ ጆሮዋን አትጠምዝዢው። የበቅሎ ጆሮ ስስ ነው፣ ብዙዎቹ ጆሯቸው ሲያዝ ይጠላሉ። ከአናቱ ላይ በዘለበት የሚፈታ ልጓም ካለሽ ከጆሮዋ ኋላ አዙረሽ ትቆልፊያለሽ፣ ጆሮዋን ሳትነኪ።

አዲስገቢ

ተመልሼ መጣሁ! ጣውላው ሠርቷል። መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረች፣ ከዚያ አሸተተችው፣ ከዚያ በፊት እግሯ መታችው፣ ባዶ ድምፁን ሰምታ ወደ ኋላ ብላ እንደገና መጣች። እንዳላችሁኝ እዚያ ላይ አቆምኩ። በሌላ ቀን ራሷ ሄዳ ቆመችበት። ከዚያ አንድ ጎረቤት ባዝራውን ይዞ ከፊት ሄደልኝና ድልድዩን ምንም እንዳልተፈጠረ ተሻገረች፣ ማመን አቃተኝ፣ አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ። ብቻዋን ስንመለስ ግን አሁንም ትቆማለች። ትንሽ ነው የምትቆመው፣ ግን ትቆማለች።

እና የታፋ ጠፍሩ ገዝቻለሁ። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው አልተንቀሳቀሰም። ታፋዋ ላይ ትንሽ ፀጉር ግን ተፍቋል፣ ልስጋ?

ጠንክር

አዲስገቢ እንኳን ደስ ያለሽ። አለንጋውን ተይው ያሉሽ ልክ ነበሩ፣ የኔን በቅሎ በዚህ መንገድ ልሞክራት ነው።

ሰጋር

መቆሟን አትቁጠሪባት፣ አይታ እየወሰነች ነው። ብቻዋን ስትሆኑ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ራስሽ ወርደሽ ከፊት ሂጂ፣ ገመዱን አላልተሽ፣ ወደ ኋላ ሳታዪ። አሁን ባዝራዋን የተከተለችውን ያህል አንቺንም መከተል ትችላለች። ተሻግራ ስትጨርስ አታቁሚያት፣ ትንሽ መንገድ ቀጥዪና ከዚያ ነው ማመስገን። ያኔ ከድልድዩ ማዶ ያለው መንገድ ራሱ ሽልማት ይሆንላታል።

ፀጉሩ መፋቁ ጠፍሩ ስለላላ ወይም ዝቅ ስላለ ነው። ሜዳ ላይ ቆማ ሳለች በታፋዋና በጠፍሩ መካከል እጅሽ በቁሙ ይግባ፣ ከዚያ በላይ ከላላ እየተንሸራተተ ይፍቃታል። ከፍታውም ከጅራቷ ሥር መውረጃና ከታፋዋ ማለቂያ መሀል ይሁን። ቆዳው ካልቀላና ካልቆሰለ ስጋት የለውም። ላቡንና አቧራውን ከጠፍሩ ላይ በየጊዜው ጥረጊ፣ የደረቀ ላብ ነው እንደ አሸዋ የሚፍቀው። ለስላሳ የበግ ቆዳ ማልበስም ይቻላል፣ ግን እሱም ሲቆሽሽ ይታጠብ። ቆዳው ቀልቶ ካገኘሽው እስኪድን ድረስ ቁልቁለት የሌለው መንገድ ምረጪ።

አዲስገቢ

አልቀላም፣ አሁን አየሁት። ነገ ጠፍሩን በሁለት ቀዳዳ ከፍ አድርጌ እወጣለሁ። ባለጋሪ፣ የረጅም ዛቡን ትምህርት ከኮርቻው ጋር ጎን ለጎን ልጀምር ወይስ ድልድዩ እስኪያልቅ ልጠብቅ?

ባለጋሪ

አትጠብቂ፣ ጀምሪ። ከኋላ ሆነሽ በእግርሽ መንዳት ለኮርቻውም ይጠቅማታል፣ ከፊቷ ሰው ሳይኖር ራሷ መንገድ መምራት ትለምዳለች። እንዲያውም ድልድዩን ብቻዋን እንድታልፍ የሚረዳት እሱ ነው። አጭር አጭር አድርጊው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነጂያት ሌላ ሰው አፍሳሯን ይዞ ከጎኗ ይሂድ፣ ዛቡ እግሯ መሀል እንዳይገባ በኮርቻው እርካብ ውስጥ አሳልፊው፣ እርካቦቹንም ከሆዷ በታች በገመድ እሰሪያቸው፣ እንዳይወዛወዙ።